ዳኛ፣ ጠበቃ ወይስ መምህር? የብሪታንያ ሐኪሞች ከሙያ መሪዎቻቸው ጋር ያላቸው የቆየ ሙግት

ባለፈው ክረምት የጎረቤቴ ልጅ አንድ ጥያቄ ይዞልኝ መጣ። በጠቅላላ ሐኪምነት ከተመረቀ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አሁን ወደ ብሪታንያ ሄዶ ለመሥራት የሚያስፈልገውን ፈተና እያጠና ነው። ፈተናውን የሚያዘጋጀውም፣ ካለፈ በኋላ ስሙን በሐኪሞች መዝገብ የሚያስገባለትም ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል የሚባል አካል እንደሆነ ያውቃል። ያልገባው ሌላ ነገር ነው።

«ጋሼ፣ ሕግ ስለተማሩ ነው የምጠይቅዎት። ይህ ካውንስል ጠበቃችን ነው ወይስ ዳኛችን? በየወሩ ከኪሳቸው እየቆረጡ የሚከፍሉት እነሱ፣ እንደ ጭራቅ የሚፈሩትም እነሱ። እዚያ ያሉት ጓደኞቼ የሚነግሩኝ ግራ ገባኝ» አለኝ።

በአንድ ዓረፍተ ነገር ልመልስለት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ምክንያቱም ጥያቄው የብሪታንያ ሐኪሞች ራሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ሲነታረኩበት የኖሩት ጥያቄ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ የሚቆመው ሐኪምና በሙያው ስም የሚናገረው፣ የሚፈርመውና የሚፈርደው ሐኪም ለምን አይግባቡም? ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። ከእኛ ሐኪሞች አንዳንዶቹ ነገ በዚያው ካውንስል ፊት የሚቆሙ ናቸው።

ሦስት ወንበሮች

በብሪታንያ የሕክምና ሙያ ሦስት የአመራር ወንበሮች አሉት። በሦስቱም ላይ ሐኪሞች ይቀመጣሉ፤ ሥራቸው ግን ለየቅል ነው።

የመጀመሪያው የመምህሩ ወንበር ነው። ይህ የንጉሣዊ ኮሌጆች ወንበር ሲሆን፣ ከእነሱ አንጋፋ ከሚባሉት አንዱ የሆነው የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1518 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ቻርተር የተቋቋመ ነው። ኮሌጆቹ የስፔሻሊቲ ፈተና ያወጣሉ፤ ጥሩ ሥልጠና ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይወስናሉ።

ሁለተኛው የጠበቃው ወንበር ነው። የብሪታንያ ሕክምና ማኅበር የተመሠረተው በ1832 በዉስተር ከተማ በሰር ቻርልስ ሄስቲንግስ አማካይነት ነው። ሲጀመር የሙያ ማኅበር ነበር፤ ኋላ ላይ የሠራተኛ ማኅበርም ሆነ። ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሥራ ሰዓትና ስለ ውል ከመንግሥት ጋር የሚደራደረው እሱ ነው።

ሦስተኛው የዳኛው ወንበር ነው። በ1858 የወጣው የሕክምና ሕግ ዛሬ ጄኔራል ሜዲካል ካውንስል የምንለውን አካል አቋቋመ። ካውንስሉ መዝገቡን ይይዛል፤ ከመዝገቡ የተሰረዘ ሰው በሐኪምነት መሥራት አይችልም። ወጪው የሚሸፈነው በዋናነት ከሐኪሞቹ በሚሰበሰብ ክፍያ ነው፤ የተቋቋመው ግን ሕዝቡን ለመጠበቅ ነው።

ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በሦስቱም ወንበሮች የሚቀመጠው ሰው «ዶክተር» ስለሚባል፣ ታች ያለው ሐኪም ሦስቱንም «መሪዎቻችን» ይላቸዋል። ከዳኛው ጥብቅናን፣ ከመምህሩ ድርድርን ይጠብቃል። መሪዎቹም አንዳንዴ በየትኛው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ይዘነጋሉ።

1948፦ የመጀመሪያው ትልቅ ቁርሾ

የሠራተኛው ፓርቲ የጤና ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን ለሁሉም ዜጋ በነፃ የሚሰጥ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ለማቋቋም በ1946 ሕግ አስወጣ። ማኅበሩ ተቃወመ። ሐኪሞች የመንግሥት ደመወዝተኛ ይሆናሉ የሚል ፍርሃት ነበር። በየካቲት 1948 ማኅበሩ የአባላቱን ድምፅ ሲሰበስብ 40,814ቱ ሲቃወሙ የደገፉት 4,735 ብቻ ነበሩ።

ቤቫን ግን ሙያው አንድ ልብ እንዳልሆነ ያውቅ ነበር። በሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት በሎርድ ሞራን በኩል ከሆስፒታል ስፔሻሊስቶች ጋር ተስማማ። ሞራን የዊንስተን ቸርችል የግል ሐኪም የነበሩ ሰው ናቸው። ስፔሻሊስቶቹ በመንግሥት ሆስፒታል እየሠሩ የግል በሽተኛ እንዲያዩ ተፈቀደላቸው፤ በሆስፒታሎቹ ውስጥ የሚከፈልባቸው አልጋዎች ተተዉላቸው፤ ብልጫ ላሳዩት ደግሞ ከደመወዝ በላይ ልዩ አበል ተቆረጠላቸው። ይህን አበል የሚያድለውን ኮሚቴ ለዓመታት የመሩት ሞራን ራሳቸው ነበሩ። ቤቫን ስፔሻሊስቶቹን እንዴት እንዳሳመነ ሲጠየቅ «አፋቸውን በወርቅ ጠቀጠቅሁት» ብሎ መለሰ ይባላል።

በየመንደሩ ክሊኒክ ከፍተው የሚሠሩት ጠቅላላ ሐኪሞች «ተሸጥን» አሉ። ሞራንን የመቡሽ ጠምዛዛ መፍቻ እያሉ ይጠሯቸው ጀመር፤ በዚያው ዓመት በተደረገው የኮሌጁ ምርጫም ሊሸነፉ ጥቂት ነበር የቀራቸው። ቤቫን የደመወዝተኝነት ፍርሃቱን በሕግ እንደሚያስቀር ቃል ገብቶ የተቃውሞውን ጉልበት ሰበረው፤ አገልግሎቱም ሐምሌ 5 ቀን 1948 ሥራ ጀመረ።

ነገሩን ከዛሬ ሆነን ስናየው ሞራን ለአገሩ ሕዝብ መልካም ሠርተዋል ማለት ይቻላል። አገልግሎቱ የብሪታንያ ሕዝብ እስከ ዛሬ የሚሳሳለት ሀብት ሆኗል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳምና፣ በሐኪሞቹ መንደር የቀረው ትዝታ ግን ሌላ ነው፦ መሪዎች በዝግ በር ይስማማሉ፣ እኛ በጋዜጣ እናነባለን።

የሁለት ፓውንድ አመፅ

ሁለተኛው ግጭት መነሻው ሲታይ ያስቃል። ቀድሞ አንድ ሐኪም በመዝገብ ሲገባ አንድ ጊዜ ከፍሎ ዕድሜ ልኩን ይገላገል ነበር። በ1970 ካውንስሉ በየዓመቱ የሚከፈል የሁለት ፓውንድ ክፍያ ጣለ። በሺዎች የሚቆጠሩ ሐኪሞች «አንከፍልም» አሉ። ካውንስሉ ያልከፈለ ይሰረዛል ብሎ ዛተ።

ጥሉ ግን የሁለት ፓውንድ አልነበረም። «ሳንወከል አንከፍልም» ነበር ነገሩ፤ በካውንስሉ ውስጥ በሐኪሞች ድምፅ የተመረጡት አባላት አናሳ ነበሩና። መንግሥት በ1972 በፊዚክስ ሊቁ በአሌክ ሜሪሰን የሚመራ አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው በ1975 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በ1978 በወጣው ሕግም ሐኪሞች የመረጧቸው አባላት በካውንስሉ ውስጥ አብላጫውን ያዙ። ለጊዜው ዳኛው በተዳኙ የተመረጠ ሆነ።

ከሺፕማን በኋላ

ይህ ድል ብዙ አልዘለቀም፤ ያልዘለቀበትን ምክንያትም በቅንነት መናገር ይገባል። በጥር 2000 ሃሮልድ ሺፕማን የተባለ ጠቅላላ ሐኪም 15 በሽተኞቹን በመግደል ጥፋተኛ ተባለ። በዳኛ ጃኔት ስሚዝ የተመራው አጣሪ ጉባኤ የገደላቸውን ሰዎች ቁጥር 215 አደረሰው። ጉባኤው በታኅሣሥ 2004 ባወጣው አምስተኛ ሪፖርቱ ካውንስሉን ክፉኛ ወቀሰ። ካውንስሉ ከሕዝቡ ይልቅ ለሐኪሞች ያደላል፤ በሐኪሞች ድምፅ የተመረጠ አባልም መራጮቹን ማስቀየም ይቸግረዋል አለ።

ለሕግ ባለሙያ ይህ ክርክር ጠንካራ ነው። ዳኛን ተከሳሽ አይመርጠውም። እናም ካውንስሉ ተለወጠ። በ2003 አባላቱ ወደ 35 ዝቅ አሉ። በ2009 ምርጫው ጭራሽ ቀርቶ 24ቱም አባላት በሹመት የሚገቡ፣ ግማሾቹም ሐኪም ያልሆኑ ሰዎች እንዲሆኑ ተደረገ። በ2013 ቁጥሩ 12 ሆነ፤ ስድስት ሐኪም፣ ስድስት ሐኪም ያልሆነ። ከታኅሣሥ 2012 ጀምሮ ደግሞ እያንዳንዱ ሐኪም በየአምስት ዓመቱ ብቃቱን እያሳየ ፈቃዱን እንዲያድስ ተገደደ።

ሕዝቡ ተጨማሪ ጥበቃ አገኘ። ሐኪሙ ደግሞ ለሚዳኘው አካል እየከፈለ የመምረጥ ድምፁን አጣ። ይህ በራሱ በደል አይደለም። በደል የሚሆነው ተጠያቂነቱ ወደ ታች ብቻ ሲወርድ ነው። የ2007ቱ ቀውስ ይህንኑ አሳየ።

2007፦ ኮምፒዩተሩና ደብዳቤው

በብሪታንያ «ጁኒየር ዶክተር» ሲባል አዲስ ተመራቂ ብቻ አይምሰላችሁ። ከአማካሪ ስፔሻሊስት በታች ያለ ሐኪም ሁሉ፣ አሥር ዓመት የሠራውም ጭምር፣ በዚህ ስም ይጠራ ነበር። ስሙ «ሬዚደንት ዶክተር» በሚል የተቀየረው በመስከረም 2024 ነው።

በ2007 መንግሥት የስፔሻሊቲ ሥልጠናን አወቃቀር ለውጦ፣ የመላው አገሪቱን አመልካቾች በአንድ የኮምፒዩተር ሥርዓት መመደብ ጀመረ። የለውጡ ዋና ደጋፊ የመንግሥት ዋና የሕክምና ኃላፊ የነበሩት ሰር ሊያም ዶናልድሰን ሲሆኑ ኮሌጆቹም አብረው ነበሩ። በሐሳብ ደረጃ መጥፎ አልነበረም፤ ዘመድ አዝማድን አስቀርቶ ግልጽ ውድድር ለማምጣት የታሰበ ነው።

አፈጻጸሙ ግን ጉድ ሆነ። ለዕጩዎች የቀረበው ቅጽ ከሥራ ልምድና ከምርምር ይልቅ በመቶ ሃምሳ ቃላት ለሚጻፉ አጫጭር ድርሰቶች ብዙ ነጥብ የሚሰጥ ነበር። ምስጉን የሚባሉ ሐኪሞች አንድም ቦታ ለቃለ መጠይቅ ሳይጠሩ ቀሩ። አመልካቹ ከ30 ሺሕ በላይ ሲሆን ቦታው ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ነበር። አንዳንድ አማካሪ ስፔሻሊስቶች «በዚህ ቅጽ ሰው አንመርጥም» ብለው ከቃለ መጠይቁ ራሳቸውን አገለሉ። በሚያዝያ ወር ደግሞ የአመልካቾቹ የግል መረጃ፣ ሃይማኖታቸውና ስልክ ቁጥራቸው ሳይቀር፣ በኢንተርኔት ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ መገኘቱን ቻናል 4 ቴሌቪዥን አጋለጠ።

ማኅበሩ ዘገየ የሚል ቅሬታ የበዛባቸው ወጣት ሐኪሞች ሬሜዲ ዩኬ የሚል የራሳቸውን ስብስብ መሠረቱ። መጋቢት 17 ቀን 2007 ከአሥር ሺሕ በላይ ሰው ጋዎኑን ለብሶ በለንደን ጎዳና ሰልፍ ወጣ። ቀጥሎም ስብስቡ መንግሥትን በከፍተኛው ፍርድ ቤት ከሰሰ።

ክርክሩ በፍርድ ቤት እንዳለ፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጄምስ ጆንሰንና የንጉሣዊ ኮሌጆች አካዳሚ ሊቀመንበር ዴም ካሮል ብላክ በታይምስ ጋዜጣ በጋራ የፈረሙት ደብዳቤ ወጣ። ደብዳቤው ለውጡን የሚደግፍ ነበር። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንደሚባለው ሆነ። አባላቱ ያልላኩት ሊቀመንበር አባላቱ በሚከራከሩበት ጉዳይ ላይ ለሌላው ወገን ፈረመ። ቁጣው ከባድ ስለነበር ጆንሰን በቀናት ውስጥ፣ ግንቦት 20 ቀን 2007፣ ሥልጣናቸውን ለቀቁ። ጠበቃው በዳኛው ወይም በመምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲናገር ምን እንደሚመጣ ከዚህ የበለጠ ማሳያ የለም።

በእርግጥ ፍርድ ቤቱ ከሦስት ቀን በኋላ የወጣቶቹን ክስ ውድቅ አደረገ። ይሁን እንጂ ዳኛው ክሱ መውደቁ ሐኪሞቹ የተበደሉ መስሎ ቢሰማቸው አያስደንቅም ከማለት አልተመለሱም። በሰር ጆን ቱክ የተመራው አጣሪም በጥር 2008 ባቀረበው የመጨረሻ ሪፖርት ለውጡ ተቻኩሎ መፈጸሙንና ሙያው በፖሊሲ ሥራው የነበረው ተሳትፎ ደካማ መሆኑን መዘገበ። የኮምፒዩተር ሥርዓቱም ተጣለ።

አንድ ሐኪም ከሌላው ሐኪም ይበልጣል?

የዚህ ታሪክ ቅጥያ ለሕግ ሰዎች ከዋናው ታሪክ ይበልጥ አስተማሪ ነው፤ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

ሬሜዲ ዩኬ በዚህ አላቆመም። ለካውንስሉ አቤቱታ አቀረበ፦ ይህን ለውጥ የመሩት ከፍተኛ ኃላፊዎች ራሳቸው በመዝገባችሁ ያሉ ሐኪሞች ናቸው፤ እኛ አንድ መድኃኒት ብንሳሳት ትጠይቁናላችሁ፤ እነሱ የሺዎችን ሕይወት ላመሳቀለ ሥራቸው አይጠየቁም ወይ? አለ። ካውንስሉ ጉዳዩ ሥልጣኔ አይደለም አለ። ስብስቡ እንደገና ፍርድ ቤት ሄደ። በ2010 ሎርድ ዳኛ ኢላያስ የሰጡት ፍርድ ለካውንስሉ ነበር። የሙያ ጥፋት የሚባለው ከሕክምና ሙያ አሠራር ጋር በቂ ቅርበት ያለው ወይም ሙያውን የሚያዋርድ ነውረኛ ድርጊት ነው፤ አገር አቀፍ ፖሊሲ ማውጣትና ማስፈጸም ከዚህ የራቀ ነው አሉ።

ፍርዱ በሕግ ረገድ ስህተት ነው ለማለት ይቸግራል። ፖሊሲ የነደፈ ሁሉ ፈቃዱን የሚያጣ ከሆነ ማንም ሐኪም ለመንግሥት አይሠራም። ደግሞም አስተዳዳሪ የሆነ ሐኪም ፈጽሞ አይጠየቅም ማለት አይደለም። በብሪስቶል ሆስፒታል በሕፃናት የልብ ቀዶ ሕክምና ላይ የደረሰውን ጥፋት ሰምቶ እርምጃ ያልወሰደው ሥራ አስኪያጅ፣ ቢላዋ ባይጨብጥም ሐኪም ነበርና፣ በ1998 ከመዝገብ ተሰርዟል። የፕሪቪ ካውንስል ዳኞችም በ1999 ስረዛውን አጽንተዋል።

ታች ላለው ሐኪም የደረሰው መልእክት ግን አጭርና መራራ ነው፦ ከበሽተኛ በራቅህ መጠን ከተጠያቂነትም ትርቃለህ።

2016፦ የተጠየቁት መለሱ

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ተመሳሳይ ፈተና መጣ፤ ነገር ግን አያያዙ ተለየ። በጁኒየር ዶክተሮች የሥራ ውል ላይ ከመንግሥት ጋር ከረር ያለ ግጭት ተነስቶ፣ በሚያዝያ 2016 የድንገተኛ አገልግሎትን የጨመረ የሥራ ማቆም አድማ ተደረገ። በግንቦት ድርድር ተካሂዶ ስምምነት ላይ ተደረሰ። የጁኒየር ዶክተሮች ኮሚቴ ሊቀመንበር ዮሐን ማላዋና «ተቀበሉት» ብሎ አባላቱን መከረ፤ ሆኖም አልፈረመላቸውም፣ ድምፅ እንዲሰጡበት አደረገ። በሐምሌ ወር ድምፅ ከሰጡት 58 በመቶው አልቀበልም አለ። እሱም በዚያው ቀን ለቀቀ።

መንግሥት ውሉን በግድ ሥራ ላይ አዋለው፤ ስለዚህ ታሪኩ በድል አላለቀም። ግን በ2019 የተሻሻለው ውል ለአባላቱ ድምፅ ሲቀርብ 82 በመቶው ደገፈው። ጠበቃ ከደንበኛው ፈቃድ ሳያገኝ አይስማማም። ይህን የሕግ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ያውቀዋል፤ የሙያ ማኅበራት ለማወቅ ግን ብዙ ዋጋ ከፍለዋል።

የአንዲት ሐኪም ጉዳይ

የጎረቤቴን ልጅ ጓደኞች ያስፈራቸው ግን ይህ ሁሉ አይደለም። እነሱን ያስፈራቸው የዶክተር ሃዲዛ ባዋ ጋርባ ጉዳይ ነው።

በየካቲት 2011 በሌስተር ከተማ ሆስፒታል አንድ የስድስት ዓመት ሕፃን ሞተ። ሕፃኑ ወደ ደም የተሰራጨ ኢንፌክሽን ነበረበት፤ ሐኪሟ ግን በጊዜ አልለየችውም። የደረት ራጁ ተነስቶ ሳለ ያየችው ዘግይታ ነው። ስህተቱ ከባድ ነበር፤ ቤተሰቡም ልጁን አጥቷል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚጽፍ ሰው ይህን ወደ ጎን ብሎ መጀመር አይገባውም።

በሌላ በኩል ሐኪሟ ከወሊድ ዕረፍት ገና መመለሷ ነበር። አማካሪ ስፔሻሊስቱ ጠዋት በከተማው አልነበሩም። የኮምፒዩተር ሥርዓቱ ተበላሽቶ የደም ምርመራ ውጤት ለሰዓታት ዘገየ። እሷም በሌሎች ክፍሎች ያሉ በሽተኞችንም ደርባ ታይ ነበር።

በኅዳር 2015 የኖቲንግሃም ፍርድ ቤት በከባድ ቸልተኝነት ሰው በመግደል ጥፋተኛ አላት፤ የሁለት ዓመት እስራት በገደብ ተፈረደባት። በ2017 የሙያው የዲሲፕሊን ችሎት ሁኔታዎቹን መዝኖ ለ12 ወር አገዳት። ካውንስሉ ግን «ያንሳል፣ ትሰረዝ» ብሎ ይግባኝ አለ። ይህ የይግባኝ መብት ለካውንስሉ የተሰጠው ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ነበር። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በጥር 2018 ካውንስሉን ደግፎ እንድትሰረዝ ወሰነ።

ያን ጊዜ የሐኪሞቹ መንደር ተናወጠ። በመላ አገሪቱ ያሉ ሐኪሞች ከ300 ሺሕ ፓውንድ በላይ አዋጥተው ጠበቃ ቀጠሩላት። ቁጣው ለእሷ ብቻ አልነበረም። እያንዳንዱ ሐኪም ያን ቀን በሐሳቡ ወደ ራሱ ሌሊት ተመለሰ፦ እኔስ? ሠልጣኝ ሐኪሞች ከስህተታቸው እንዲማሩ ስለ ራሳቸው በመዝገብ የሚጽፉት ግምገማ ማስረጃ ሆኖ ይቀርብብናል የሚል ፍርሃት ተሰራጨ። የእሷ ግምገማ ለችሎቱ ዳኞች ማስረጃ ሆኖ አለመቅረቡ ቆይቶ ቢገለጽም ፍርሃቱ ማብራሪያውን አልጠበቀም። ሐኪም ስህተቱን መናገር ሲፈራ የሚጎዳው ቀጣዩ በሽተኛ ነው።

ነሐሴ 13 ቀን 2018 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ስረዛውን ሽሮ የ12 ወሩን እገዳ መለሰ። ምክንያቱ ለእኛም ሊጠቅም ይችላል። የወንጀል ችሎት የሚመለከተው ያለፈውን ነው፤ ጥፋት ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም? የሙያ ችሎት የሚመለከተው ወደፊት ነው፤ ይህች ሐኪም ለሕዝብ አደጋ ናት ወይስ አይደለችም? ስለዚህ የሙያ ችሎቱ የሆስፒታሉን የአሠራር ጉድለት ከግምት ማስገባቱ ስህተት አይደለም ተባለ። ዶክተሯ በደረጃ ወደ ሥራ እንድትመለስ ተፈቀደላት፤ በ2021ም ችሎቱ ያለ ገደብ ለመሥራት ብቁ ናት ብሎ ወሰነ። በሰር ኖርማን ዊሊያምስ የተመራው የመንግሥት ግምገማ ደግሞ በሰኔ 2018 የካውንስሉ የይግባኝ መብት እንዲነሳ ሐሳብ አቅርቦ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ካውንስሉ ራሱ ያስጠናውና በ2019 የወጣው ጥናት፣ ነጭ ያልሆኑ ሐኪሞች በአሠሪዎቻቸው ለካውንስሉ የሚከሰሱበት መጠን ከነጮቹ ከእጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ዶክተር ባዋ ጋርባ በትውልድ ናይጄሪያዊ ናት። የጎረቤቴ ልጅ ፍርሃት ከባዶ የመነጨ አይደለም ማለት ነው።

የቅርቡ ምዕራፍ

ሙግቱ ዛሬም አልበረደም። መንግሥትና ካውንስሉ ለሁለት ዓመት ያህል የሠለጠኑ «ፊዚሽያን አሶሼት» የሚባሉ ባለሙያዎችን ለማስፋፋት ሲነሱ፣ ብዙ ሐኪሞች በሽተኛው ሐኪም ያየው እየመሰለው ይታለላል አሉ። የጤና መኮንኖቻችንን ታሪክ ለሚያውቅ የእኛ አንባቢ ክርክሩ እንግዳ አይሆንበትም። የሐኪሞች ንጉሣዊ ኮሌጅ አባላት በመጋቢት 2024 አስቸኳይ ጉባኤ አስጠሩ። በጉባኤው ላይ ኮሌጁ የአባላቱን አስተያየት መጠይቅ ያቀረበበት መንገድ አሳሳች ነው ተብሎ ተወቀሰ፤ ፕሬዚዳንቷ ሣራ ክላርክ በሰኔ ወር ለቀቁ። ካውንስሉ ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ ባለሙያዎቹን መቆጣጠር ጀመረ። ማኅበሩ በዚሁ ጉዳይ ካውንስሉን ከስሶ በሚያዝያ 2025 ተረታ። ይሁንና በሐምሌ 2025 የወጣው የፕሮፌሰር ጊሊያን ሌንግ ግምገማ መጠሪያቸው «ረዳት» በሚል እንዲቀየር መከረ። ጠበቃው ዳኛውን ከሰሰ፣ መምህሩ በተማሪዎቹ ተወቀሰ፤ ወንበሮቹ ያው ሦስቱ ናቸው።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

በእኛ አገር የሙያ ፈቃድ መስጠትም ሆነ የሥነ ምግባር አቤቱታ ማየት የመንግሥት የጤና ተቆጣጣሪዎች ሥራ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ሲደነግግ፣ በንዑስ አንቀጽ 2 የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ግዴታ ካለባቸው ሰዎች መካከል ሐኪምንና ሾፌርን በስም ጠርቶ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራት ያስቀምጣል። የጤና ባለሙያዎች በ2011 ዓ.ም. የመብት ጥያቄ ሲያነሱ፣ በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ፣ በየሻይ ቤቱ የተነሳው ጥያቄ «ማን ይወክላቸዋል?» የሚል ነበር። ጥያቄው የብሪታንያ ሐኪሞች በ1948 የጠየቁት ነው።

ታዲያ ከእነሱ የምንወስደው ምንድን ነው? ዳኛው በተዳኙ አይመረጥ፤ ይህ ትክክል ነው። ነገር ግን ዳኛው ሲፈርድ የወደቀውን ሰው ብቻ ሳይሆን ሰውየው የቆመበትን ወለል ይመልከት። ጠበቃው የደንበኛውን ድምፅ ሳይሰማ አይፈርም። መምህሩ ለተማሪዎቹ እውነቱን ይንገር። ከሁሉም በላይ፣ ተጠያቂነት እንደ ውኃ ወደ ታች ብቻ የሚፈስ ከሆነ ከታች ያለው ሰው ዝም ማለትን ይማራል። ዝም ያለ ሐኪም ደግሞ ለበሽተኛ አደገኛ ነው።

ለጎረቤቴ ልጅ የሰጠሁት የመጨረሻ መልስ ይህ ነበር፦ «ልጄ፣ ካውንስሉ ዳኛህ ነው። ከዳኛ ጥብቅና አትጠብቅ። በደረስክ ሳምንት የሐኪሞቹ ማኅበር አባል ሁን፤ ለተከሳሽ ሐኪም ጠበቃ የሚያቆም የመከላከያ ዋስትናም ግባ። ሌሊት ሰው ሲያንስህ፣ ኮምፒዩተር ሲበላሽብህ፣ ወዲያው ለአለቃህ በጽሑፍ አሳውቅ። ስህተት ከሠራህ ደግሞ ደፍረህ ተናገር፤ መጀመሪያ ለበሽተኛው ቤተሰብ።»

ጥቂት አሰበና «ጋሼ፣ ይኼ የመጨረሻው እኮ እዚህም የሚሠራ ነው» አለኝ። እዚህም ይሠራል።